የዩኒቨርሲቲው ወጥ ቤት ከአካባቢው ገበሬ እንዲገዛ ከየት ይጀመር?

ወይናደጋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ዩኒቨርሲቲ ያለባቸውን የዞን ከተሞች ሁሉ የሚነካ ይመስለኛል።

እኛ ከተማ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ አዳሪ ተማሪዎችን የሚመግብ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዙሪያው መስኖ የገባለት ወይና ደጋ ነው፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር በደንብ ይመረታል። ነገር ግን ለተማሪው የሚቀርበው ሽንኩርት፣ ሽሮና በርበሬ አብዛኛው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ነው የሚገባው። አንዳንዱ ሽንኩርት እዚሁ ማሳ ላይ በደላላ ተገዝቶ፣ አትክልት ተራ ደርሶ፣ በሌላ ነጋዴ እጅ ተመልሶ የሚመጣ ነው። የጭነቱም፣ የማውረጃውም፣ የደላላውም ዋጋ ሁለት ሁለት ጊዜ ተደርቦበታል።

የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉ በየዓመቱ ሥልጠና ይሰጣል፣ ችግኝ ያስተክላል፣ የሠርቶ ማሳያ ማሳ ያዘጋጃል። ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተቀመጠበት አካባቢ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር በየቀኑ የሚያወጣውን ገንዘብ እዚያው ማዋል ነው ብዬ አምናለሁ። በኅብረት ሥራ በኩል ያሉ ማኅበራትን ለዚህ ማዘጋጀት እንፈልጋለን።

ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ ግዥው ሕግ ሳይጣስ በየት በኩል ይከፈታል? የትኛው ምርት ይቅደም? እንዲህ ያለው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ምን ላይ ነው? ከግዥ ውጭስ የዩኒቨርሲቲው እውቀት ለእነዚህ ማኅበራት በተጨባጭ ምን ይጠቅማል? ሥራውን የምታውቁት ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉ ብዙ ሰው ይጠቀማል።


ሞዴል 19፦

ሰላም ወይናደጋ። መጀመሪያ ገንዘቡን በቁጥር እንየው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። 8 ሺህ ተማሪ ማለት በቀን 800 ሺህ ብር፣ በ10 ወር 240 ሚሊዮን ብር ነው። ሩቡ እንኳ ዞኑ ውስጥ ቢቀር 60 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን የሚያህል ገንዘብ በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚያወጣ ገዢ በአብዛኛው የዞን ከተማ ሌላ የለም።

ግዥ ክፍሉ ለምን ከሩቅ ነጋዴ እንደሚገዛ መረዳት ይቀድማል። ባለሙያው የሚፈራው የኦዲት ግኝትን ነው። ትልቁ ነጋዴ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታክስ ክሊራንስ፣ የጨረታ ማስያዣና የደረሰኝ ማሽን ይዞ ይቀርባል፤ ሽንኩርቱንም ዘይቱንም በአንድ ውል ያቀርባል። ገበሬው ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ ባለሙያውን «ለአካባቢው ሕዝብ አስብ» ብሎ መለመን የትም አያደርስም። ከአካባቢው መግዛት ለእሱ ከስጋት የጸዳ እንዲሆን የጨረታ ሰነዱን ማስተካከል ይሻላል።

በሩን የሚከፍተው ሎት ነው፤ በአንድ ጨረታ ውስጥ ለብቻው የሚወዳደሩበት የዕቃ ምድብ ማለት ነው። የዓመቱን ፍላጎት ከግልጽ ጨረታ ለመሸሽ ቆራርጦ በዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) መግዛት ግዥ መከፋፈል ይባላል፤ ክልክል ነው፣ ያስጠይቃልም። በአንድ ግልጽ ጨረታ ውስጥ ዕቃውን በሎት መደልደል ግን የተፈቀደ ነው። «የምግብ ግብዓት» ተብሎ 30 ዓይነት ዕቃ በአንድ ሎት ሲወጣ፣ ሽንኩርት ያለው ማኅበር ዘይትና ጨው ስለሌለው ብቻ ከበር ይመለሳል። ሽንኩርት ለብቻው፣ ድንች ለብቻው፣ ዳቦ ለብቻው፣ የሽሮ እህል ለብቻው ይውጣ። ሽንኩርትን በጊዜም ክፈሉት፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት መጨረሻ አንድ ሎት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ሌላ ሎት። የመስኖው ሽንኩርት የሚደርሰው በሁለተኛው ነው። «ዓመቱን ሙሉ አቅርብ» የተባለ ማኅበር ጥቅምት ላይ በውድ ከነጋዴ ገዝቶ በውሉ ዋጋ ለማቅረብ ይገደዳል፤ በሁለት ወር ውስጥ ካፒታሉ ያልቃል።

ዋስትናን በተመለከተ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ በገንዘብ ማስያዣ ፋንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ይዘው የሚወዳደሩበት አሠራር አለ። ይህ በጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ ገምጋሚ ኮሚቴው ይጥላቸዋል፤ መብታቸው ቢሆንም። የገበሬ ማኅበር ከሆነ በዩኒየኑ (ማኅበራቱ በጋራ ባቋቋሙት ኅብረት) በኩል መግባት ይቀላል፤ ዩኒየን ደረሰኝም፣ ሒሳብ ሠራተኛም፣ የባንክ ግንኙነትም አለውና።

ወደ ዕቃ ዝርዝር መግለጫው ልምጣ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ሽሮን በዱቄት አትግዙ። የአተር ሽሮ ተብሎ ጓያ ቢደባለቅበት ዱቄቱን አይቶ የሚለይ የለም፤ ጓያ ደግሞ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። አተሩንና ባቄላውን በፍሬው ተረከቡ፣ ንጽሕናውንና እርጥበቱን እዩ፣ ከዚያ በከተማው ወፍጮ በኮሚቴ ፊት አስፈጩ። በርበሬም እንዲሁ በዛላው። ዛላ በእጅ ሲሰበር ካልተንኮሻኮሸ፣ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ካለው፣ መሬት ላይ የደረቀ ወይም እርጥብ ሆኖ የታሸገ ነው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የሚፈጠረውም ከዚያ ነው። በፍሬ መግዛት ለተማሪው ጤና ነው፣ ገበሬውም ያለውን ይሸጣል፣ የከተማው ወፍጮ ቤትም ሥራ ያገኛል። አንድ መስመር ጽሑፍ ሦስት ነገር ያስተካክላል።

ዳቦ ላይ ለአንድ ተማሪ አንድ ባለ 100 ግራም ዳቦ ቢባል 8 ሺህ ዳቦ ነው፤ ወደ 6 ኩንታል ዱቄት ይበላል። አንድ ማኅበር ብቻውን አይችለውም፤ ለሦስት ተከፍሎ ይሰጥ። ውሉ የሚፈርሰው ሌሊት መብራት ሲጠፋ ነው። ዳቦው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በር መድረስ ስላለበት ከሦስቱ አንዱ የማገዶ ወይም የጄነሬተር ምድጃ እንዳለው ሳይረጋገጥ አትፈራረሙ። ርክክቡ ላይ 20 ዳቦ አንስቶ በአንድ ላይ መመዘን ይበቃል፤ 2 ኪሎ ካልሞላ ጉድለቱ ከሒሳቡ ይቀነሳል።

ክፍያ። ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ካልተቆረጠ ክፍያ የለም። ዕቃው ጠዋት ገብቶ ሞዴል 19 ከሦስት ቀን በኋላ ከተቆረጠ፣ ሒሳቡ በወር አንዴ ከተጠቃለለ፣ ከዚያ ፋይናንስ ጋ ሌላ ሦስት ሳምንት ከቆየ፣ ገበሬው ለሁለት ወር ያህል ገንዘብ አላየም ማለት ነው። ያኔ ደላላው ማሳው ድረስ ጥሬ ብር ይዞ ይመጣል፤ አባሉም ለማኅበሩ የገባውን ቃል ትቶ ይሸጥለታል። ሰው ይህን የገበሬው አለመታመን አድርጎ ያወራዋል፤ ምክንያቱ የክፍያው መዘግየት ነው። ውሉ ላይ «ሞዴል 19 በዕለቱ፣ ሒሳብ በየሳምንቱ፣ ክፍያ በ15 ቀን ውስጥ» ብላችሁ አስገቡ። ዩኒየኑ ደግሞ ለ15 ቀን አቅርቦት የሚሆን መንቀሳቀሻ ገንዘብ ይዞ አባሉን ዕቃውን በተረከበበት ቀን ይክፈል። የሰኔ ወርን ተጠንቀቁ፤ በጀት ሲዘጋ ያልተወራረደ ሒሳብ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተሻግሮ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ዋጋን በሚመለከት፣ የሚከለስበት ቀመር አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ውል ከተፈረመ በኋላ በደብዳቤ የሚጨመር ክለሳ የኦዲት ግኝት ይሆናል፤ የማይከለስ የዓመት ዋጋ ደግሞ በዚህ ገበያ አቅራቢውን ይጥለዋል።

በጤፍ አትጀምሩ። ገንዘቡ ብዙ ነው፣ መጠኑም ከባድ ነው፣ አንድ ሳምንት ቢጓደል ተማሪ ይራባል። ጤፍ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይምጣ። ያኔም መግለጫው «አንደኛ ደረጃ ነጭ ጤፍ» ብቻ ከሚል ሰርገኛንም ይፍቀድ።


ደጋና ቆላ፦

ሞዴል 19 የሎቱን ጊዜ በትክክል አስቀምጠውታል። እኔ በማሳ በኩል ያለውን ልጨምር።

ለአንድ ተማሪ በቀን 60 ግራም ሽንኩርት ብንይዝ፣ 8 ሺህ ተማሪ በቀን 4.8 ኩንታል ይፈልጋል፤ 5 እንበለው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ 120 ቀን ነው፤ 600 ኩንታል። ለብክነትና ለምርጫ 150 ጨምረን 750 እንያዝ። በደንብ የተያዘ የመስኖ ማሳ በሄክታር 150 ኩንታል ቢሰጥ (ጎበዝ ገበሬ ከዚያ በላይ ያገኛል) የሚያስፈልገው 5 ሄክታር ብቻ ነው። ሩብ ሩብ ሄክታር ያላቸው 20 ገበሬዎች ማለት ነው። ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲ ለመመገብ ወረዳ ሙሉ የሚያስፈልግ ስለሚመስለው ሳይሞክረው ይተወዋል።

አደጋው 20ዎቹ በአንድ ሳምንት ተክለው በአንድ ሳምንት ሲነቅሉ ነው። ወጥ ቤቱ በቀን 5 ኩንታል ይወስዳል፤ 700 ኩንታል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በሦስት ቡድን ይከፈሉ። ቦምቤይ ሬድ የሚባለው የሽንኩርት ዝርያ ችግኝ መደብ ላይ ወደ 50 ቀን፣ ከተዛወረ በኋላ ከ110 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቡድን መስከረም 15 አካባቢ መደብ ላይ ቢዘራ ኅዳር መጀመሪያ ያዛውራል፤ የካቲት መጨረሻ ይደርስለታል። ሁለተኛው ጥቅምት 10፣ ሦስተኛው ኅዳር 5 አካባቢ ይዝሩ። ለሄክታር 4 ኪሎ ግድም ዘር ስለሚበቃ ለሁሉም 20 ኪሎ ነው፤ ዘሩን ማኅበሩ በአንድ ላይ ይግዛ። አሮጌ ዘር ታሽጎ የሚሸጥ ስላለ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሎ መቁጠር ግድ ነው፤ ከ70 በታች ከበቀለ መልሱት።

ሽንኩርት የሚበሰብሰው መጋዘን ውስጥ ይመስላል እንጂ ጥፋቱ የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው። ዩሪያን ዘግይቶ የጨመረ ገበሬ አንገቱ ወፍራም ሽንኩርት ያገኛል፤ ያ አንገት አይደርቅም፣ ብስባሽ የሚገባውም በእሱ ነው። ውኃ ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት በፊት ይቁም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል አንገቱ ላይ ሲወድቅ ይነቀል። ከተነቀለ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ጥላ ላይ፣ የአንዱ ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን ተደርድሮ ይጠንፈፍ። አንገቱን በሁለት ጣት ሲያሹት የሚንሸራተት ነገር ከሌለና ልጣጩ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። በመዳበሪያ ኬሻ ጠቅጥቆ መከመር ይብቃ፤ የመረብ ከረጢት ወይም ከመሬት ከፍ ያለ የቀርከሃ መደርደሪያ፣ ከፍታው ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ንብርብር። የበልግ ዝናብ ያለበት አገር ከሆነ ሦስተኛው ቡድን ጣሪያ ከሌለው አይሳተፍ፤ ሚያዝያ ላይ የረጠበ ሽንኩርት ሰኔን አያይም። ቦምቤይ ሬድ ራሱ ቶሎ የሚደርስ እንጂ ብዙ የሚቆይ ዝርያ ስላልሆነ ከሁለት ወር በላይ አታስቡት።

ርክክብ ላይ ከ10 ከረጢት አንድ ይከፈት። የተበላሸ ሲገኝ ያ ከረጢት ይመለስ፣ ከዚያው ገበሬ የመጣው ሁሉ ይፈተሽ። መኪናውን ሙሉ መመለስ የ19 ሰው ልፋት በአንድ ሰው ጥፋት መቅጣት ነው። ለዚህም ከረጢቱ ላይ የገበሬው ቁጥር በማርከር ይጻፍበት።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው እርሻ። ብዙዎቹ ሰፊ መሬት አላቸው፤ ስንዴ ወይም ሽንኩርት ዘርተው ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ይህ ገበሬውን መወዳደር ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። ገበሬው ሊያመርተው የማይችለውን ያምርቱ፤ እሱም ንጹሕ ዘር ነው። የድንችን ነገር ውሰዱ። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ግድም የዘር ድንች ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው በ1 ሄክታር ላይ ከበሽታ የጸዳ መነሻ ዘር ቢያባዛና 200 ኩንታል የዘር መጠን ያለው ቢያገኝ፣ በሚቀጥለው ወቅት 10 ሄክታር ይሸፍናል፤ ከዚያ ዘር አባዢ ማኅበራት ይረከቡታል። ማሳው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ ያልበቀለበት ይሁን፤ አለዚያ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ አፈሩ ውስጥ ይጠብቃል። አጠውልግ የተጠረጠረን ግንድ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ማንጠልጠል ነው፤ ነጭ ክር የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ ያ ማሳ ለዘር አይሆንም፣ ምንም ያህል ቢያሳዝን። ዘሩ ብርሃን በጎን በሚገባበት መጋዘን፣ መደርደሪያ ላይ ከሁለት ሦስት ንብርብር ሳይበልጥ ይቀመጥ፤ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ጨለማ ክፍል የከረመ ዘር ረጅም ነጭ ቡቃያ ያወጣል፣ ሲጫን ሁሉም ይሰበራል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሐረማያ ገና የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሳለ ትምህርትን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን አንድ ላይ ይዞ ነው የተነሳው፤ የአገሪቱን የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ እስከ 1955 ዓ.ም. የሚመራው ኮሌጁ ነበር፣ በኋላ ነው ወደ እርሻ ሚኒስቴር የተዛወረው። እንደ ቡቡ ያሉ የድንች ዝርያዎችም ከዚያው ወጥተዋል።


የቅዳሜ ገበያ፦

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይቀር። ከአካባቢው ገበያ መግዛትና ከአካባቢው ምርት መግዛት ይለያያሉ። ዩኒቨርሲቲው ተነስቶ ቅዳሜ ገበያ ላይ በቀን 5 ኩንታል ሽንኩርት ማንሳት ቢጀምር የከተማው እናት በማግስቱ ዋጋው ጨምሮ ትጠብቃለች። ደመወዝተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም ይጎዳል። ግዥው አስቀድሞ በውል ታውቆ፣ ለእሱ ተብሎ የተዘራ ተጨማሪ ማሳ ሲኖር ብቻ ነው ከተማው የሚጠቀመው። ስለዚህ ውሉ ከዘር በፊት ይፈረም።

ሌላው የክረምት ጉዳይ ነው። ተማሪ ሲሄድ ዳቦ ቤቱም፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ ክፍል የሚያከራየውም በአንድ ቀን ጸጥ ይላል። የዳቦ ማኅበራቱ ገቢያቸው ሙሉ በሙሉ በዩኒቨርሲቲው ላይ ከተንጠለጠለ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሠራተኛ ይበትናሉ፤ መስከረም ላይ ጋጋሪ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ከምርታቸው ቢያንስ ሲሶውን ለከተማው እንዲሸጡ ከመነሻው ይመከሩ።


ሚዛን፦

ወይናደጋ፣ «ከግዥ ውጭ የዩኒቨርሲቲው እውቀት ምን ይጠቅማል» ላሉት ከሁሉ አስቸኳዩ የሒሳብ ሥራ ነው። ብዙ መሠረታዊ ማኅበራት ለሁለት ለሦስት ዓመት ሒሳባቸው ሳይመረመር ይቆያል፤ የወረዳ ኦዲተር ቁጥር ከማኅበራቱ ጋር አይመጣጠንም። ያልተመረመረ ማኅበር የትርፍ ድርሻ አይከፍልም፣ ባንክ አያበድረውም፣ ጨረታ ላይ የፋይናንስ አቅሙን ማሳየት አይችልም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ምርመራን ግዴታ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአካውንቲንግ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሲወጡ አብዛኞቹ ባንክ ቤት ገብተው ወረቀት ሲያደራጁ ይከርማሉ። ሁለት ተማሪ ለአንድ ማኅበር፣ አንድ መምህር ለአራት ማኅበር ይመደብ። ስድስት ሳምንት ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት የገቢና የወጪ ደረሰኞችን በቀን ቅደም ተከተል መደርደርና የጎደለ ተከታታይ ቁጥር መለየት ነው። ቀጥሎ የባንክ መግለጫውን ከመዝገቡ ጋር ማስታረቅ። ከዚያ መጋዘን ገብቶ ቆጠራ፤ ኬሻ መቁጠር አይበቃም፣ መመዘን ያስፈልጋል፣ በስቶክ ካርዱ ላይ 100 ኪሎ የተባለው 94 ሆኖ የሚገኘው እዚያ ነው። በመጨረሻ የአባላት የዕጣ መዝገብና የሙከራ ሚዛን (የሁሉም ሒሳቦች ማመሳከሪያ ዝርዝር)።

ሦስት ነገር ያጋጥማል። ከገበሬ የተገዛበት ቅጽ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የለውም፤ ለዚህ ተማሪዎቹ አባሉ ዘንድ ሄደው ያረጋግጡ፣ ሰነድ ግን በኋላ እንዳይፈጥሩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የሞቱ አባላት ዕጣ ለወራሾቻቸው ሳይዛወር ቆይቷል፤ ዝርዝሩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። የቀድሞ ሒሳብ ያዥ መዝገቡን ይዞ ሄዷል፤ እዚያ ላይ የባንክ መግለጫው መነሻ ይሆናል። ተማሪው ሒሳቡን ያዘጋጃል እንጂ አይመረምርም፤ የሚመረምረውና የሚፈርመው የኅብረት ሥራ ኦዲተሩ ነው። ይህ ድንበር በስምምነቱ ላይ ካልተጻፈ በኋላ ጠብ ያመጣል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይ በጤና ትምህርት፣ ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ኅብረተሰቡ ውስጥ ማሠማራትን የትምህርቱ አካል አድርጎ ኖሯል። ልምዱ አገር ውስጥ አለ፤ ከጤና ወደ ሒሳብ ማምጣት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ለማኅበረሰብ አገልግሎት የሰጠውን ቦታ በዚህ መሙላት ይቻላል፤ ወጪውም የመምህራን የመስክ አበልና የትራንስፖርት ብቻ ነው።


ቶርኖ ቤት፦

ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር አጠር አድርጌ ልጻፍ። ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሯቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ኤግዚቢሽን ላይ ታይተው ወርክሾፕ ውስጥ አቧራ የሚጠጡት ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የከተማው ብየዳ ቤት ሊሠራቸው ስለማይችል ነው።

የእንሰትን ነገር እንይ። ሴቶች እንሰት የሚፍቁት ጣውላ ላይ ደግፈው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ አንድ እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው ነው፤ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መፋቂያ፣ መጭመቂያና መክተፊያ መሣሪያዎችን፣ ቆጮው የሚብላላበትን ጊዜ ከሚያሳጥር እርሾ ጋር ሠርቷል። እንዲህ ያለ ነገር በየቀበሌው እንዲደርስ የመሣሪያው ንድፍ የከተማውን ብየዳ ቤት አቅም ይዞ መነሳት አለበት። እዚያ ያለው የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ መሰርሰሪያ፣ ቢበዛ አንድ ቶርኖ ነው።

ኩሽኔታው በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኝ ቁጥር ይሁን፤ 6204 ወይም 6205። ቺንጊያው የወፍጮ ቤት ቺንጊያ ይሁን። ልዩ ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የገባበት ማሽን የመጀመሪያው ብልሽት ላይ ይሞታል። ገጠር ብዙ ቦታ ሦስት ፌዝ መብራት ስለሌለ ሞተሩ ባለ አንድ ፌዝ ወይም ትንሽ የነዳጅ ሞተር ይሁን፤ ሁለቱንም ለመቀያየር ሞተሩ የሚቀመጥበት መሠረት ተንሸራታች ቀዳዳ ይኑረው። እንሰት ኮምጣጣ ነው፤ ጋልቫናይዝድ ላሜራ በጥቂት ወራት ይበላል። ምግብ የሚነካው ክፍል ብቻ ስቴንለስ ይሁን፣ ፍሬሙ ተራ ብረት ቀለም የተቀባ። ስቴንለሱ የሚበየደው በስቴንለስ ኤሌክትሮድ ነው፤ በተራው የበየዱት ስፌቱ ላይ ይዝጋል።

ከዚያ ሦስት ማሽን በሦስት የሴቶች ቡድን ለሦስት ወር ይሥራ። በሰዓት ስንት ኪሎ፣ ቃጫው ምን ያህል ተበጣጠሰ (ቃጫው ራሱ የሚሸጥ ነው)፣ ምን ተሰበረ፣ ማን ጠገነው የሚለው በየቀኑ ይመዝገብ። ቡድኖቹ ማሽኑን በነጻ አይውሰዱት፤ ትንሽም ቢሆን ይክፈሉ፣ የራሳቸው ይሆናልና። የመጨረሻው ንድፍ ለሁለት ሦስት ብየዳ ቤቶች በውል ይሰጥ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እያመረተ በበጀት የተደጎመ ማሽን በርካሽ ከሸጠ፣ ነገ ጠጋኝ የሚሆነውን ብየዳ ቤት ከገበያ ያወጣዋል።


ወይናደጋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። ሞዴል 19፣ አንድ ልጠይቅዎ። ውሉ ከዘር በፊት ይፈረም ከተባለና መደቡ መስከረም አጋማሽ ከተዘራ፣ ሥራው መቼ ይጀመር? አሁን ጥር ነው።


ሞዴል 19፦

ጊዜው አላለፈም፤ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። መስከረም 15 ለሚዘራ መደብ ውሉ ነሐሴ ውስጥ መፈረም አለበት። ለግምገማ፣ ለቅሬታና ለማጽደቅ ስድስት ሳምንት ይያዙ፤ ጨረታው ክፍት ሆኖ የሚቆይበትንም ጊዜ ይጨምሩ፤ ስለዚህ ጨረታው ሰኔ መጀመሪያ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚፈጸም ስለሆነ የግዥ ዕቅዱ ላይ ሎቶቹ ተለይተው ሚያዝያ ላይ ካልገቡ ሰኔ ላይ ማንም አይቀበልዎትም። ያ ማለት የካቲትና መጋቢት የእርስዎ ጊዜ ናቸው። ከምግብ ቤት አስተዳደሩ ያለፈውን ዓመት የሞዴል 22 (የዕቃ ማውጫ ደረሰኝ) ወጪ ይጠይቁ፤ በየወሩ ስንት ኩንታል ሽንኩርት፣ አተርና ድንች እንደወጣ ከእሱ ይታወቃል፣ የእኛ 60 ግራም ግምት ነው። በዚያው ሁለት ወር ሚዛን እንዳሉት ሁለት ወይም ሦስት ማኅበር መርጠው ሒሳባቸውን ያስጀምሩ፤ ሰኔ ላይ የተመረመረ ሒሳብ ያለው ማኅበር ከሌለ ሎቱ ቢከፈትም የሚገባበት ሰው አይኖርም። ለመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርትና የሽሮ እህል ብቻ ያዙ።